የግንቡ ጥያቄና አርባ ዓመት የዘገየ እርማት

ጎንደር ላይ ለጠየቀኝ ሁሉ «ልጄን ላያት ነው» ብዬ ነው የተነሣሁት። ውሸት አይደለም። ልጄ ሂሩት አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር ጋር በተያያዘችው ኦሮራ በምትባል ከተማ ነርስ ሆና ትሠራለች፤ ካየኋት ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። ነገር ግን ሻንጣዬ ውስጥ፣ ከሽሮው ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለለ አንድ አሮጌ የውጤት መዝገብ ነበረ። የታሪክ አስተማሪ ሳለሁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼን ውጤት የያዝኩበት ነው። እዚያ መዝገብ ላይ አንዲት ዜሮ አለች። እሷን ለማረም ያን ሁሉ ባሕር ልሻገር ነው ብል የሚያምነኝ ስለማይኖር ዝም አልኩ።

ዜሮዋ የደምሴ ናት። ደምሴ ከመተማ ቆላ የመጣ፣ ቀጭን፣ ከኋላ ወንበር የማይጠፋ ተማሪ ነበር። በዚያ ዘመን ስለ ጥንት የድንበር ግንቦች ሳስተምር የምወዳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ። «በታሪክ አንድም የድንበር ግንብ አልሠራም፤ ሁሉም ተሻግረውታል!» እልና ጠመኔዬን ወደ ላይ ወርውሬ እቀልባለሁ። ለፈተና ታዲያ «የቻይና ታላቁ ግንብ ለምን ተሠራ? ሠርቷል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ደምሴ እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «ግንቡ ዘራፊ እንዳይገባ አይደለም። ዘራፊ ይገባል። የዘረፈውን ይዞ እንዳይወጣ ነው። አጎቴ በረቱን በእሾህ የሚያጥረው ለዚህ ነው።»

ዜሮ ሰጠሁት። ያም አልበቃኝ ብሎ ወረቀቱን ክፍል ፊት አነበብኩና «ለካ የቻይና ንጉሥ ግንቡን ሲሠራ የደምሴን አጎት አማክሮ ኖሯል!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። ልጁም እስከ ዓመቱ መጨረሻ «አጎቴ በረቱ» ሲባል ከረመ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሥራ ስፈታ ማንበብ አበዛሁ። ባነበብኩ ቁጥር ደምሴ ትክክል ሆኖ ቁጭ ይላል። ከሰሜን የሚመጡት ፈረሰኞች ግንቡን በመሰላልም በገመድም ይወጡታል፤ የዘረፉትን ከብትና የማረኩትን ሰው ግን በዚያው መንገድ ይዘው መውጣት አይችሉም። መውጫ በር ፍለጋ ሲዞሩ፣ ከማማ ወደ ማማ በጭስ የተጠራው ጦር ይደርስባቸዋል። ልክ ነው፣ የደምሴ አጎት በረት ነው። አንድ ቀን ሂሩት ደውላ «አባዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ያንተ ተማሪ ነበርኩ የሚል ሰው ተዋወቅሁ፤ ደምሴ ይባላል፣ ታክሲ ይነዳል» ስትለኝ ምሳዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። ባለቤቴ ሁለት ሳምንት ፈቀደችልኝ። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ተሳፈርኩ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዴንቨር ደረስኩ። አንድ ቀን ሙሉ በአውሮፕላን ተቀምጬ እግሬ አብጦ ጫማዬ እምቢ ብሎኝ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው ጣሪያ ነጭና ሾጣጣ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ትልቅ ሰርግ ያለበት ዳስ ይመስላል። በሩ ላይ ሂሩት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከጀርባዋ አንድ ራሱ የተመለጠ፣ ቦርጩ ወጣ ያለ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። ደምሴ ነው ብለው ካልነገሩኝ በቀር በምንም አላውቀውም ነበር።

«ጋሼ፣ እንኳን በደህና መጡ» አለና እስከ ጉልበቴ ጎንበስ አለ። የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ነው። ሻንጣውንም፣ የእጅ ቦርሳዬንም፣ ኮቴንም ተሸከመ። መነጽሬን ልሸከም አለማለቱ ነው የሚገርመኝ።

መኪና ውስጥ ሂሩት የውሃ ጠርሙስ አቀበለችኝ። «አባዬ፣ ቶሎ ቶሎ ጠጣ። እዚህ ሃይ አልቲቲዩድ ነው፤ አዲስ ሰው ያመዋል።»

«እኔ እኮ ከጎንደር ወርጄ ነው የመጣሁት» አልኳት። በከፍታ ጎንደር ትበልጣቸዋለች። ይህን ግን በዚያ አገር የሚያምን የለም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያላጠጣኝ ሰው አልነበረም።

ደምሴ በመስተዋቱ አየኝ። «ጋሼ፣ ኦልረዲ አዳራሽ ቡክ አድርጌያለሁ። ቅዳሜ ለሀበሻው ሌክቸር ይሰጡልናል።»

«ስለምን?»

«ስለ ግንብ ነዋ!»

ክው አልኩ። እኔ በስርቆሽ ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁ ሰው፣ እሱ አርባ ዓመት ሙሉ አልረሳም ማለት ነው። ሕዝብ ሰብስቦ ሊያዋርደኝ ይሆን? እንዲህ ጎንበስ ያለውስ ለዚሁ ይሆን? አልኩ በልቤ። የሰጠችኝን ውሃ በሙሉ ጠጣሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ሂሩት ሥራ ሄደች። የምትኖረው በብረት አጥር በተከበበ የአፓርትመንት ግቢ ውስጥ ነው፤ የመኪናም የሰውም በሩ የሚከፈተው ቁጥር ሲነካ ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋልኝ ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ጎንደሩ ልማዴ «ፀሐይ ልሙቅ» ብዬ ወጣሁ፤ በሩ ከኋላዬ ጠቅ አለ፤ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ጎንደር ቢሆን በሩን እደበድባለሁ፣ ወይም የጎረቤት ስም እጠራለሁ። እዚህ ማንን ልጥራ?

እንግዲህ የግንብ አዋቂ ነኝና ምሽጉን ለማጥናት ዙሪያውን ዞርኩ። አንድ ጥግ ላይ አጥሩ ዝቅ ይላል፤ እግሬን አነሣሁ፣ ወገቤ ተቃወመ፣ መልሼ አወረድኩ። ሌላው ጥግ ላይ ለውሻ የሚበቃ ቀዳዳ አለ፤ ለክብሬ ስል ተውኩት። አርባ ደቂቃ ከዞርኩ በኋላ ዕቃ የጫነ ጋሪ የምትገፋ አንዲት ሜክሲኳዊት ሴትዮ መጣች። ቁጥሯን ነካች፣ በሩ ተከፈተ፣ በፈገግታ «ግባ» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቀችኝም።

እንግሊዝኛዋ እንደኔው የተሰበረ ስለሆነ በደንብ ተግባባን። በርዶኝ ስታይ ቤቷ ወስዳ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ነገር ሰጠችኝ። አሳማ እንዳይሆን ፈርቼ «ፒግ?» አልኳት። «ኖ፣ ኖ፣ ቺክን» ብላ ሳቀች። እንደኛ ጨጨብሳ ሆድ ላይ የሚቀመጥ ምግብ ነው፤ ሁለት በላሁ። ማታ ለሂሩት ስነግራት በኔ መውጣት ተቆጣች፣ በሴትዮዋ ደስ አላት፣ በማግሥቱም ድፎ ዳቦ ይዘንላት ሄድን።

እኔ ግን ለቅዳሜ የሚሆን ትምህርት አግኝቼ ነበር። አጥሩ እኔን አላቆመኝም፤ አርባ ደቂቃ አዘገየኝ። ሌባ ብሆን ኖሮ ያ አርባ ደቂቃ ፖሊስ ለመጥራት ይበቃል። የገባሁት ደግሞ ዘልዬ አይደለም፣ በበሩ ነው፤ አንድ ደግ ሰው ከፍቶልኝ። የቻይናን ግንብ መጨረሻ ላይ ከሰሜን የመጣው ጦር ያለፈው እንዲሁ ነው፤ በሩን የከፈተለት የገዛ ጠባቂው የጦር አዛዥ ነበር።

ሐሙስ ደምሴ ሥራውን ትቶ ከተማውን ሊያሳየኝ መጣ። የፊተኛውን በር ከፍቶ አስቀመጠኝ፣ ሬድዮውን ዘጋ። ያን ጊዜ ስቴፕልተን በሚሉት ሰፈር በኩል ወሰደኝ፤ ቀድሞ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር አሉ፤ አሁን መንደር ሆኖ የድሮው መቆጣጠሪያ ማማ ብቻ በቤቶቹ መካከል ቆሟል። በስተ ምዕራብ በረዶ የለበሰ ተራራ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ጥሩ ተራራ ነው፤ ስሜንን ላየ ግን አያስደነግጥም። ይህን ለደምሴ አልነገርኩትም፣ እሱ ራሱ የሠራው ያህል ነበር የሚያሳየኝ።

መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ይቅርታዬን ልጀምር አልኩ። «ስማ ደምሴ፣ ያኔ አሥረኛ ክፍል ሳለህ…» ስል ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት «በስተ ቀኝ ታጠፍ» አለች። ሁለተኛ ስጀምር ደንበኛ ደወለ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አንድ ሰከንድ» ይላል፤ እኔም ወኔዬን አጣለሁ።

ቤቱ ስንደርስ ሚስቱ አልማዝ ጠረጴዛውን በምግብ ሞልታው ጠበቀችን። ዶሮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ ሁሉም አለ፤ እንጀራው ግን ወደ ጥቁር ይወስደዋል፣ ጎምዘዝ ይላል። «ውሃው ነው» አለችኝ አልማዝ፣ ፊቴን አይታ። ደምሴ ቆሞ ቀረ፤ ለካ እኔ «ተቀመጥ» እስክለው ነው የሚጠብቀው።

«ስለ እርስዎ ያልሰማሁት የለም» አለች አልማዝ። «ሰው ተስፋ ሲቆርጥ በሰማ ቁጥር የእርስዎን ነገር ያመጣል። ልጆቹም በቃላቸው ይዘውታል።»

«የቱን ነገር?» አልኩ።

«ቅዳሜ ይሰሙታል» አለ ደምሴ። አላስበላኝም ማለት ይቻላል።

ዓርብ ቤት ዋልኩ። ሽሮ በላሁ፣ ንግግሬን ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ ጻፍኩ። ሂሩት መዝገቡን ያየችው ያን ቀን ነው። «አባዬ፣ በዚህ ምክንያት ነው የመጣኸው?» አለችና ሳቀች፤ ቀጥላ አልቅሳ ሳመችኝ። ላንቺም ነው አልኳት።

ቅዳሜ። አዳራሹ ሎውሪ በሚባለው ሰፈር ነው። ቀድሞ የአየር ኃይል ጦር ሰፈር ነበር፤ አሁን ቤትና ትምህርት ቤት ሞልቶበታል። አጥሩ የት እንደነበረ ደምሴን ብጠይቀው እሱም አላወቀውም። ወታደሩ ሲነሣ አጥሩም አብሮ ተነሣ፤ ማንም አልወረራቸውም።

ስድሳ የሚሆን ሰው መጣ፤ ታክሲ ነጂው፣ ነርሱ፣ ሱቅ ያለው። ደምሴ ወጣና አስተዋወቀኝ። «ጋሼ ያስተማሩኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ። ደረቱን ነፋ፣ ድምፄን አስመስሎ፣ «በታሪክ አንድም የድንበር ግንብ አልሠራም፤ ሁሉም ተሻግረውታል!» አለና ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ወደ ላይ ወርውሮ ቀለበ። ፊት ወንበር ላይ ሌክውድ ከምትባል ጎረቤት ከተማ የመጣ አንድ ረጅም ሰው ብቻውን ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ ዓይኑ ዕንባ ሞልቷል። ምን ነካው? አልኩ።

እኔ ተነሣሁ። «ወገኖቼ፣ አሁን የሰማችሁት ዓረፍተ ነገር ስሕተት ነው» አልኩ። ዜሮዋን ነገርኳቸው፤ አጎቱንም፣ ክፍሉን ያሳቅኩበትንም። ከዚያ የማውቀውን ዘረዘርኩ። የሮማ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ሰሜን የሠሩት ግንብ በአጭር በአጭር ርቀት በር ነበረው፤ ሰውን ጨርሶ ለማገድ ቢሆን ያን ሁሉ በር ማን ይቆርጣል? ማን እንደገባ ለማወቅ፣ ያልተፈለገውን ለማዘግየት፣ ከዘገየ ደግሞ ለመድረስ ነው። ጥቂት ዘራፊ ሲመጣ ግንብ ግሩም አድርጎ ይሠራል። ሙሉ ጦር ሲመጣ ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም። ጠባቂው ከተራበ ወይም ከከዳ ግን ድንጋይ ነው።

አንድ የቀድሞ ወታደር እጁን አወጣ። «እውነት ነው፤ ምሽግ ውስጥ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ስንቅና ጥይት እስከ መጣ ድረስ ይሠራል። ስንቁ የቀረ ቀን ጉድጓድ ነው።»

«ይኸው!» አልኩ።

«ጋሼ፣ ዊዝ ኦል ሪስፔክት፣ አልስማማም።» ደምሴ ነው። ቆሟል። «እርስዎ አይደሉም ያስተማሩን? ሁሉም ተሻግረውታል!»

«ተሳስቼ ነበር እያልኩህ እኮ ነው!»

«አልተሳሳቱም!»

«አንተ ነህ ትክክሉ!»

«በፍጹም! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!»

«ደምሴ! ቁጭ በል!» አልኩ፣ ሳላስበው፣ በዱሮው ድምፄ። ሰውዬው ወዲያው ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ደምሴም ሳቀ፣ እኔም ጠረጴዛውን ይዤ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት በምግብ ነው የማስታውሰው። አዳራሽ የነበረው ሁሉ ቤቱ ጠራኝ፤ በሄድኩበት ሁሉ ሁለት ጎራ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ግንብ ሠርቷል የሚልና አልሠራም የሚል። አንድ ቤት ወጡ እስኪቀዘቅዝ ተከራክረው ባለቤቷ ተቆጥታ ትሪውን አነሣችው። እኔ ግን መዝገቤንና ቀይ እስክሪብቶዬን በኮቴ ኪስ ይዤ ነው የምዞረው። ደምሴን ባገኘሁ ቁጥር «በል ውጤትህን ላርም፣ አይተህ ፈርምልኝ» እለዋለሁ። «መጀመሪያ ይብሉ ጋሼ» ይላል። «ነገ» ይላል። ለምን እንደሚሸሸኝ ግራ ገባኝ። ቂም ይዞ ይሆን? አልኩ። ይህን ሳላስተካክል ከተመለስኩ ሌላ ዕድል እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ በሰባ ዓመቴ ወዲያና ወዲህ ልል አልችልም።

የመሄጃዬ ቀን ደረሰ። ሂሩት ፈረቃዋን መቀየር ስላልቻለች ጠዋት ቤት ውስጥ ተላቀስን፤ አልማዝም ለባለቤቴ ሻርፕ ላከች። ያደረሰኝ ደምሴ ነው። «በር ላይ አውርደኝና ሂድ» ስለው «ፓርክ አድርጌ እገባለሁ» ብሎ እምቢ አለ። የፍተሻው ሰልፍ አጠገብ፣ እሱ ማለፍ ከማይፈቀድለት ገመድ ዘንድ ስንደርስ መዝገቡን አወጣሁ።

«ደምሴ፣ አሁን ምግብ የለም፣ ነገም የለም። ውጤትህን ተቀበለኝ።»

እጄን ያዘ። «ጋሼ፣ ሰው ፊት ልነግርዎ አልፈለግሁም እንጂ እሷን ዜሮ አይንኩብኝ።»

«ለምን?»

«ሃያ ዓመቴ ነበር። ሱዳን ልንገባ ሦስት ሆነን መተማ አጠገብ ሰሊጥ ውስጥ ተኝተናል። ከፊታችን ኬላ አለ፣ ወታደር አለ፣ የእሾህ አጥር አለ። ሁለቱ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ በእኔ ነው የሚተማመኑት። እኔ ደግሞ ያደግሁት በረት አጠገብ ነው፤ አጥር ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። እንመለስ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ እርስዎ ትዝ አሉኝ። እኔ አጥር ይሠራል ብዬ ዜሮ አግኝቻለሁ። ዜሮ ካገኘሁ ተሳስቻለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ደግሞ ይህም ይሻገራል ማለት ነው። ‹አስተማሪዬ እንዲህ ብለዋል› አልኳቸውና ያን አባባልዎን ነገርኳቸው። አመኑኝ። ተነሥተን ሄድን። እሾሁ ሱሪዬን ቀደደው፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም።»

«ሁለቱስ?»

«አንዱ ካናዳ ነው። አንዱ ቅዳሜ ፊት ወንበር ላይ ብድግ ብሎ ያጨበጨበልዎት፣ የሌክውዱ ነው። ትክክል ነህ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ጋሼ፣ ተመልሰን ነበር። ተመልሰን ምን እንደሚጠብቀን ያውቃሉ።»

ዕንባዬ መጣ። በሕይወቴ ካስተማርኩት ሁሉ የበለጠ የሠራው የተሳሳትኩት ነው። እስክሪብቶውን ኪሴ ከተትኩ።

«እሺ፣ ዜሮዋን ተውኩ። ሳቁስ? ክፍሉን ያሳቅኩብህ?»

የደምሴ ፊት ለአንድ አፍታ ያ የኋላ ወንበር ልጅ ሆነ። «እሱ አሞኝ ነበር» አለ።

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«አድርጌያለሁ። አጎቴም ሰምቶ ቢሆን ደስ ይለው ነበር።» ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝኩትና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን።

ሰልፉ ውስጥ ገባሁ። ገመዱ ወዲያ ያዞራል፣ ወዲህ ይመልሳል፤ ጫማ አውልቅ፣ ቀበቶ ፍታ፣ ኪስህን አራግፍ ይላሉ። ሱሪዬን በአንድ እጄ፣ መዝገቡን በሌላው ይዤ ዘወር ስል ደምሴ እጁን እንዳጣመረ እዚያው ቆሟል። እኔ ካልሄድኩ እሱ አይሄድም። ሲያየኝ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኸ፤

«አይዞዎት ጋሼ! ሁሉም ተሻግረውታል!»

ተሻገርኩት። መዝገቡ አሁን ጎንደር፣ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ዜሮዋም እንዳለች አለች።